የተቀበረው ባሕር፦ የደለል ተፋሰስ ታሪክ የከርሰ ምድር ሙቀት ፍለጋን እንዴት ይመራል?



ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የምታውቁ ሁሉ በገደሉ ወገብ ላይ ተደራርቦ የሚታየውን ነጣ ያለ አለት ታስታውሱታላችሁ። የኖራ ድንጋይ ነው። ጂኦሎጂስቶች በትግራይ በምትገኘው አንታሎ ስም የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይሉታል። የሙገርና የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃቸውን የሚያወጡት ከዚሁ ወገን ከሆነ አለት ነው። ከ150 እስከ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከደቡብ ምሥራቅ የገባ ባሕር ሰፊ የአገራችንን ክፍል ሸፍኖ ነበር፤ ይህ አለት በዚያ ባሕር ወለል ላይ ንብርብር እየሠራ የተጠራቀመ ደለል ነው።

በደቡብ ጀርመን በሙኒክ ከተማ ሥር ደግሞ የዚህ አለት የዕድሜ እኩያ የሆነ ሌላ የኖራ ድንጋይ አለ። የአገሩ ባለሙያዎች ማልም ይሉታል። እርሱም በጁራሲክ ዘመን፣ ሞቃትና ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ የተሠራ ነው። ዛሬ ግን የሁለቱ ዕጣ ለየቅል ሆኗል። የዓባዩ በወንዝ ተቆርሶ ለፀሐይና ለዝናብ ተጋልጧል። የሙኒኩ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ተቀብሮ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ ውኃ ይዟል፤ ከተማዋም በዚያ ውኃ መኖሪያ ቤቶችን ታሞቃለች።

በአንድ ዘመን፣ በሚመሳሰል ባሕር ውስጥ የተፈጠሩ ሁለት አለቶች እንዲህ የተለያዩት ከተፈጠሩ በኋላ የደረሰባቸው ነገር ስለሚለያይ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። የከርሰ ምድር ሙቀት የሚፈልግ ሰው የአለቱን ዓይነት ማወቁ አይበቃውም፤ አለቱ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ያለፈበትን ታሪክ ማንበብ አለበት። መሣሪያውን ከመትከሉ በፊት የት እንደሚቆፍር፣ ምን ያህል እንደሚጠልቅና ምን ሊያገኝ እንደሚችል የሚነግረው ያ ታሪክ ነው። በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙቀት ብቻውን አይበቃም

የደለል ተፋሰስ የምንለው የመሬት ቅርፊት ለረጅም ዘመን እየሰመጠ፣ ወንዝና ባሕርም ደለል እያመጡ የሞሉት ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ነው። አሸዋው አሸዋ ድንጋይ፣ ጭቃው ሸክላማ አለት፣ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ደግሞ ኖራ ድንጋይ ይሆናል። ጥልቅ በሆኑት ተፋሰሶች የንብርብሩ ውፍረት በርካታ ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ወደ መሬት ውስጥ በገባን ቁጥር ሙቀት ይጨምራል። እሳተ ገሞራ በሌለበት ተራ የአህጉር ምድር ጭማሪው በአማካይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 30 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ 3 ኪሎ ሜትር የቆፈረ ሰው በብዙ የዓለም ክፍል 100 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ አለት ያገኛል። ችግሩ የጋለ ደረቅ አለት ቤት አለማሞቁ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ላይ የሚያመጣ ውኃ፣ ለውኃውም መተላለፊያ የሚሆን ቀዳዳና ስንጥቅ ያስፈልጋል። ከአለቱ በላይ ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ እንዳያመልጥና ውኃው እንዳይበተን የሚከድን፣ በአክንባሎ የሚመሰል ሸክላማ ንብርብር ቢኖር መልካም ነው።

እንግዲህ ፈላጊው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። አለቱ ምን ያህል ተቀብሯል? ውኃ የሚያሳልፍ ክፍተት አለው? የሚከድነው አለ? ውኃውስ ምን ዓይነት ነው፣ ጨዋማ ነው ወይስ ንጹሕ? ለአራቱም መልስ የሚሰጠው የተፋሰሱ ታሪክ ነው። እንዴት እንደሚሰጥ ለማየት የሙኒክን ምድር ከልደቱ እንጀምር።

የማልም አለት ሦስት ምዕራፎች

የመጀመሪያው ምዕራፍ ባሕሩ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደቡብ ጀርመንን የሸፈነው ባሕር ወለሉ ወጥ አልነበረም። በአንዳንድ ስፍራ ስፖንጅና ኮራል ከባሕሩ ወለል ተነሥተው እንደ ኮረብታ ያለ ክምር ሠርተዋል፤ በክምሮቹ መካከል ደግሞ ጸጥ ያለ ውኃ የተኛባቸው ጎድጓዶች ነበሩ። ከእነዚህ ጸጥተኛ ስፍራዎች አንዱ ዞልንሆፈን ነው። በዚያ የረጋው ጭቃ እጅግ ደቃቅ ስለነበር አርኪዮፕተሪክስ የተባለውን ላባማ ፍጥረት እስከ ላባው ቅርጽ ጠብቆ አቆይቶልናል፤ ቅሪቱ ለሳይንስ የታወቀው በ1861 ነው። አሎይስ ዜኔፈልደር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሙኒክ ውስጥ የድንጋይ ኅትመትን ሲፈለስፍ የተጠቀመበትም ይኸው ልስልስ ድንጋይ ነው።

ለቅሪተ አካልና ለኅትመት የተመቸው ድንጋይ ግን ለሙቅ ውኃ አይመችም። ደቃቅና ጥብቅ ስለሆነ ውኃ እንደ ልብ አይተላለፍበትም። የስፖንጅና የኮራል ክምሮቹ ግን ሻካራ ናቸው፤ ማግኒዥየም ያዘለ ውኃ ሲያልፍባቸውም ብዙው ክፍላቸው ዶሎማይት ወደሚባል አለት ተለውጦ በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት ተፈጥሯል። ስለዚህ ዛሬ 3 ኪሎ ሜትር ወደ ታች የሚቆፍረው ባለሙያ የሚፈልገው ያኔ ክምሩ የነበረበትን ስፍራ ነው። በዚያ ባሕር ውስጥ የኮራሉና የጭቃው ድንበር የት እንደነበረ የሚያሳይ ካርታ ለቁፋሮ ኩባንያ በገንዘብ የሚተመን መረጃ ሆኗል።

ሁለተኛው ምዕራፍ አለቱ ከባሕር የወጣበት ጊዜ ነው። ከጁራሲክ ቀጥሎ በመጣው በክሬቴሺየስ ዘመን ባሕሩ ሸሽቶ ኖራ ድንጋዩ ለረጅም ጊዜ ዝናብ ሲወርድበት ኖረ። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ኖራ ድንጋይን ያሟሟል፣ ስንጥቁን ያሰፋል፣ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ያወጣል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ወደ ባሌ መሄድ ይቻላል። የዌብ ወንዝ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የሶፍ ዑመር ዋሻ የፈለፈለው የጁራሲክ ዘመን በሆነ ኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ሙኒክ ባለችበት በባቫሪያም ዝናብ በሚሊዮኖች ዓመታት ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። ያኔ የተከፈቱት ክፍተቶች ኋላ ከነአለቱ ተቀበሩ፤ ዛሬ ከሙኒክ ሥር በሰከንድ ብዙ ሊትር ሙቅ ውኃ የሚያቀብሉት እነርሱ ናቸው። አለቱ ከባሕር ሳይወጣ በቀጥታ ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ የሙኒክ የሙቀት ሀብት የዛሬውን ያህል ባልሆነ ነበር።

መጋለጥ ግን ልክ አለው። ከሙኒክ ሰሜን ምሥራቅ በላንድስሁትና በኖይኦቲንግ መካከል የመሠረቱ አለት ወደ ላይ ተገፍቶ ስለነበር የማልም ኖራ ድንጋይ በአንዳንድ ስፍራ ጨርሶ ታጥቦ ጠፍቷል። በዚያ መስመር ላይ ማልምን ፍለጋ የሚቆፍር ሰው የሚፈልገውን አለት ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ታሪኩን ያነበበ ግን ይህን ሳይቆፍር ያውቀዋል።

ሦስተኛው ምዕራፍ መቀበሩ ነው። የአፍሪካና የአውሮፓ የመሬት ቅርፊት ሰሌዳዎች እየተገፋፉ የአልፕስ ተራሮች ሲነሡ፣ የተራሮቹ ክብደት ከፊታቸው ያለውን ምድር ወደ ታች አጎበጠው። ከ35 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮም ከተራሮቹ የታጠበው ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ ጉብጠቱን ሞላው። ባሕር በተራ እየገባና እየወጣ ንብርብር ላይ ንብርብር ተጨመረ። ይህ ሞላሰ ተብሎ የሚጠራው ሙሌት ከላይ የሚከድነውን ሸክላማ ንብርብርም አብሮ አመጣ።

ተፋሰሱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘቀዘቀ ነው። በዳኑብ ወንዝ አካባቢ ማልም ከመሬት በላይ ይታያል። ወደ አልፕስ በቀረብን መጠን እየጠለቀ ሄዶ በተራሮቹ ግርጌ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ሙቀቱም አብሮት ይጨምራል። ከሙኒክ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በኤርዲንግ 2,350 ሜትር ላይ የተገኘው ውኃ 65 ዲግሪ ነው። ከከተማዋ በስተ ደቡብ በኡንተርሃኺንግ 3,350 ሜትር ላይ 122 ዲግሪ ደርሷል። የእነዚህን ቦታዎች ርቀት በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ ጉዞ ይሸፍነዋል። የሙቀቱን ልዩነት በአመዛኙ ያመጣው ከ35 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጀመረው መጉበጥ ነው።

መጉበጡ ሌላም ጥቅም ትቷል። ጠንካራ አለት ሲጎብጥ ይሰነጠቃል። በሙኒክ ዙሪያ ያሉት ትልልቅ ስንጥቆች በአብዛኛው ከአልፕስ ጎን ለጎን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጉት ለዚህ ነው። ጉድጓዶች ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ታች ሳይሆን ገደድ ብለው የሚቆፈሩት እነዚህን ስንጥቆች ለማግኘት ነው።

አራተኛው ጥያቄ ስለ ውኃው ነበር። የማልም ውኃ ከባሕር አለት ቢወጣም የሟሟ ጨው የያዘው በሊትር 1 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የጥንቱን የባሕር ውኃ ኋላ የገባ የዝናብ ውኃ ስለተካው ነው። ይህም ለብረት ቱቦዎች ትልቅ እፎይታ ነው።

ታሪኩ በምን ይነበባል?

ይህን ሁሉ ሰው ያወቀው እንዴት ነው? በዋነኛነት ሌላ ነገር ሲፈልግ ነው። በ1938 ከኦስትሪያ ድንበር አጠገብ በባድ ፊውሲንግ ነዳጅ የሚፈልጉ ሰዎች ቆፍረው 56 ዲግሪ የሞቀ ውኃ አገኙ። በኤርዲንግም በ1983 ነዳጅ ሲፈለግ ሙቅ ውኃ ወጣ። በባቫሪያ ለነዳጅና ለጋዝ የተቆፈሩ ብዙ ጉድጓዶች የተመኙት አልሆነላቸውም። ነገር ግን ከየጥልቀቱ የወጣው የአለት ስባሪ፣ የተለካው ሙቀትና የተገኘው ንብርብር ሁሉ ተመዝግቦ ተቀመጠ። ከዓመታት በኋላ የጂኦተርማል፣ ማለትም የከርሰ ምድር ሙቀት ፈላጊዎች ያንን መዝገብ አውጥተው የሙቀት ካርታ ሠሩበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የድምፅ ሞገድ ቅኝት ነው። ከባድ መኪናዎች መሬቱን ያንቀጠቅጣሉ፤ ሞገዱ ከየንብርብሩ ተንጸባርቆ ሲመለስ በላይ የተዘረጉ መቀበያዎች ይመዘግቡታል። በ2015 እና በ2016 መካከል በነበረው የአውሮፓ የብርድ ወቅት በደቡባዊ ሙኒክ እንዲህ ያለ ባለ ሦስት ልኬት ቅኝት በሕዝብ መኖሪያ ጎዳናዎች ላይ ተካሂዷል። ቅኝቱ ስንጥቁን፣ የጥንቱን የኮራል ክምርና የንብርብሩን ዝቅዝቃት ያሳያል። ሙቀትንና የውኃን መጠን ግን አያሳይም፤ እነዚህን የሚያረጋግጠው ቁፋሮው ራሱ ነው።

በኡንተርሃኺንግ በ2004 የተቆፈረው የመጀመሪያው ጉድጓድ በሰከንድ 150 ሊትር ያህል አስገኘ። ቁፋሮው ባይሳካ ኪሳራውን የሚክስ የመድን ውል አስቀድሞ ተገብቶለት ነበር፤ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። መድን ሰጪው ያን አደጋ ሊተምን የቻለው የተፋሰሱ ታሪክ በሚገባ ይታወቅ ስለነበር ነው። ዛሬ በጀርመን ካሉት ጥልቅ የጂኦተርማል ጣቢያዎች አብዛኞቹ የሚገኙት በዚሁ ተፋሰስ ውስጥ ነው። አሠራራቸውም ተመሳሳይ ነው። አንዱ ጉድጓድ ሙቁን ውኃ ያወጣል፣ ሙቀቱ ለከተማው የማሞቂያ መስመር ይተላለፋል፣ የቀዘቀዘው ውኃ ደግሞ በሌላ ጉድጓድ ወደ መጣበት አለት ይመለሳል። የሙኒክ ከተማ የአገልግሎት ድርጅት እስከ 2020 በሼፍትላርን ጎዳና ስድስት ጉድጓዶችን ቆፍሮ ጨርሷል፤ ዓላማው የከተማዋ ማሞቂያ በ2040 ከካርቦን ልቀት ነጻ እንዲሆን ነው።

ሁሉም ግን አልሰመረም። ወደ አልፕስ ጠጋ ባለችው በጌሬትስሪድ በ2013 የተቆፈረው ጉድጓድ ከ4 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ጠልቆ ከ150 ዲግሪ በላይ የሞቀ አለት አገኘ። ሙቀቱ የታሰበውን ያህል ነበር። አለቱ ግን በቂ ውኃ አልሰጠም። የአለቱ መቀበር ስለ ሙቀት ለፈላጊዎቹ የነገራቸው እውነት ሆኖ ሳለ የክፍተቱ ነገር ሳይሳካ ቀረ። ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱን በመመለስ ብቻ መተማመን ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። በኋላ በዚያው ስፍራ የአለቱን ውኃ የማይጠይቅ፣ የራሱን ፈሳሽ በዝግ ቱቦ መረብ የሚያዞር ሌላ ስልት ተሞክሯል። በተጨማሪም በኡንተርሃኺንግና በፖይንግ አካባቢ ነዋሪዎች የተሰማቸው አነስተኛ የመሬት መንቀጥቀጦች ተከስተዋል። ስንጥቅ ውኃ እንደሚያቀብል ሁሉ ሊንሸራተትም ይችላልና፣ ሕዝብ አስቀድሞ ሊነገረው፣ መለኪያም ሊተከል ይገባል።

ፓሪስ፦ ሌላ ታሪክ፣ ሌላ መልስ

የሙኒክን መልስ ወስዶ ሌላ ተፋሰስ ላይ መለጠፍ አይቻልም። የፓሪስ ተፋሰስ ተራራ ተጭኖት ወደ አንድ ወገን የጎበጠ ሳይሆን መሐሉ ቀስ እያለ የሰመጠ ሰፊ ጎድጓዳ ነው። ሞቃቱ ክፍል የሚገኘውም በማዕከሉ አካባቢ፣ የፈረንሳይ ዋና ከተማ ባለችበት ወገን ነው። በ1841 በፓሪስ በግሬኔል 548 ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ ተቆፍሮ 28 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውኃ በራሱ ኃይል ፈለቀ። ዛሬ ዋናው ምንጭ ዶገር የተባለው የጁራሲክ ኖራ ድንጋይ ሲሆን ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ከ55 እስከ 85 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ይሰጣል። በመለን ከተማ ከ1969 ጀምሮ አንዱ ጉድጓድ የሚያወጣውን ሌላው የሚመልስበት አሠራር ሥራ ላይ ውሏል።

የፓሪስ ውኃ ግን ጨዋማ ነው፤ እንደ ቦታው በሊትር ከ6 እስከ 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል፣ ሰልፋይድም አለበት። በ1980ዎቹ የብዙ ጣቢያዎች የብረት ቱቦ በዝገት ተበላ፤ የተዘጉም ነበሩ። የተሻለ ቱቦና ዝገት ተከላካይ ኬሚካል እስኪለመድ ድረስ ብዙ ገንዘብ ጠፋ። ሁለቱም ተፋሰሶች የጁራሲክ ኖራ ድንጋይ አላቸው። የውኃቸው ታሪክ ግን ስለሚለያይ የሚያስፈልጋቸው ቱቦ እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም።

እኛስ?

የአገራችን የጂኦተርማል ፍለጋ ከ1969 ጀምሮ በአብዛኛው ያተኮረው በስምጥ ሸለቆው ላይ ነው፤ ትክክልም ነው። በዚያ የመሬት ቅርፊት ሳስቷል፣ የቀለጠ አለትም ቅርብ ነው። በአሉቶ ላንጋኖ ከ300 ዲግሪ በላይ የተለካበት ጉድጓድ አለ። እንዲህ ያለውን ሙቀት የሙኒክ ሰዎች አያልሙትም።

ሙቀቱ ይብዛ እንጂ ጥያቄዎቹ ግን እነዚያው አራቱ ናቸው። በአፋር የሚገኘውን ተንዳሆ ተመልከቱ። እርሱም ተፋሰስ ነው። ምድሩ እየተከፈተ ሲሰምጥ ሐይቆችና አዋሽ ወንዝ በደለል ሞልተውታል፤ በደለሉ መካከል የባዛልት ፍሳሾች ገብተዋል፣ ከሥሩም ዕድሜው ጠና ያለ ወፍራም የባዛልት ንብርብር አለ። ከ1993 እስከ 1998 በዱብቲ አካባቢ ስድስት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ሦስቱ ጥልቆች 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረዱ፤ ሦስቱ 500 ሜትር ገደማ ላይ ቆሙ። ከ250 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተለካ። ከታች ያለው ባዛልት ግለቱ ባያንሰውም ውኃ የማሳለፍ አቅሙ ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ ጥሩ ምርት የታየው በላይኛው የደለል ንብርብር ውስጥ ባሉት አጫጭር ጉድጓዶች ነው። ከጌሬትስሪድ ጋር አስተያዩት። በሺህዎች ኪሎ ሜትር የሚራራቁ፣ በአፈጣጠርም የማይገናኙ ሁለት ምድሮች ጥልቀትና ሙቀት ለብቻቸው እንደማይበቁ አንድ ዓይነት ምስክርነት ሰጥተዋል።

ከስምጥ ሸለቆው ውጭ ደግሞ ኦጋዴን አለ። በመግቢያዬ ያነሣሁት ባሕር ወደ አገራችን የገባው በዚያ በኩል ነው። በዓባይ ሸለቆ ተቆርሶ የምናየው፣ በሶፍ ዑመር በውኃ የተቦረቦረው የጁራሲክ ኖራ ድንጋይ በኦጋዴን ሃማንሌይ በሚል ስም በወፍራም ደለል ሥር ተቀብሮ ይገኛል። እንደ ካሉብ ባሉ ስፍራዎች ለነዳጅና ለጋዝ የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶችም አሉ። በተራው የሙቀት ጭማሪ እንኳ ብናሰላ ጥልቅ በሆነው ክፍል ከ100 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት መጠበቅ ምክንያታዊ ነው። ያ ኖራ ድንጋይ ከመቀበሩ በፊት የት የት ለዝናብ ተጋለጠ? ክምሩ የት፣ ጥብቁ ጭቃ የት ነበር? ውኃውስ ጨዋማ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የሙቀትን ጉዳይ ልብ ያለ ጂኦሎጂስት ሊመልሳቸው የሚገቡ ናቸው።

ሙቀት ሁሉ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አይጠቅምም ብለንም ማሰብ የለብንም። በ70 ወይም በ80 ዲግሪ ውኃ በርበሬና ሽንኩርት ይደርቃል፣ ወተት ፓስቸራይዝ ይደረጋል፣ ቆዳ ይታጠባል። ፓሪስ በዚህ ልክ ባለ ሙቀት መኖሪያ ቤቶችን ታሞቃለች። ለእነዚህ ሥራዎች መካከለኛ ሙቀት ያለው ተፋሰስ በቂ ነው።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ የመንግሥት ኃላፊዎች፣ መሐንዲሶችና ተማሪዎች ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለውኃ ይሁን ለነዳጅ ወይም ለማዕድን በዚህ አገር የሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ሁሉ ሙቀቱ በየጥልቀቱ ይለካ፤ የአለቱ ስባሪ በመለያ ይቀመጥ፤ መዝገቡም ለሚያጠና ሁሉ ክፍት ይሁን። ያልተመዘገበ ጉድጓድ ለፍለጋ እንዳልተቆፈረ ይቆጠራል፤ የተመዘገበው ግን ደረቅ ሆኖ ቢቀር እንኳ ባቫሪያ እንዳሳየችን ለሚመጣው ትውልድ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የቁፋሮ በጀት ከመጽደቁ በፊት አራቱ ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመለሱ፤ ያልተመለሰ ካለም ይገለጥ። ጥልቅ ጉድጓድ እጅግ ውድ ነው፤ የአለቱን ታሪክ ማጥናት ከዚያ ወጪ ጥቂቱን እንጂ አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ወደ ዓባይ ሸለቆና ወደ ሶፍ ዑመር ስትወስዱ የአለቱን ስም ብቻ አታስተምሯቸው። ይህ አለት በኦጋዴን ሥር ምን ሆኖ ይሆን ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሱንም በመዝገብ ቤት ካሉት የጉድጓድ ዘገባዎች አውጥተው እንዲያመጡ አድርጉ።